የሄሚንግዌይን «ፀሐይም ትወጣለች» እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የኧርነስት ሄሚንግዌይን «ፀሐይም ትወጣለች» ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ገና ከመጽሐፉ አጋማሽ ሳይደርስ የሚያነሳው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት እየዞሩ ከመጠጣትና ከመነታረክ በቀር ምንም አይሠሩም የሚል። ቅሬታው ሐሰት አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1926 የታተመው ይህ ልብ ወለድ ዋናውን ጉዳይ የሚያስቀምጠው ተራኪው ቸኩሎ ባለፈበት ወይም ጭራሽ ዝም ባለበት ቦታ ስለሆነ፣ አንባቢው ከተነገረው ይልቅ የታለፈውን መከታተል ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የተራኪውን የጄክ ባርንስን ቁስል ማወቅ ያስፈልጋል። ጄክ ፓሪስ የሚኖር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ቆስሎ፣ ፍላጎቱ ሳይጠፋ ከሴት ጋር የመተኛት ችሎታውን አጥቷል። መጽሐፉ ይህን በግልጽ ቃል አይናገርም። በአራተኛው ምዕራፍ ጄክ ሌሊት ክፍሉ ገብቶ ልብሱን እያወለቀ ራሱን በቁም ሣጥኑ መስተዋት ያያል፤ ወዲያውም ሐሳቡን ፈረንሳዮች ክፍልን በዕቃ ወደሚያሟሉበት ልማድ ያዞራል። ያ ሐሳብን ማዞር የመጽሐፉ አጻጻፍ በሙሉ የተጨመቀበት ስለሆነ ደጋግሞ ማንበብ ይገባል። ቁስሉን ቀድሞ ማወቅ ታሪኩን ያበላሻል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ሳያውቁ ማንበብ የባሰ ጉዳት አለው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጄክና የሚወዳት ሴት ብሬት አሽሊ በታክሲ ውስጥ የሚነጋገሩት ሁሉ ያለዚያ እውቀት ተራ ኩርፊያ ይመስላል።

ንግግሮቹ ሌላ ችግር ያመጣሉ። ደራሲው ማን እንደተናገረ ሳይጠቅስ ረጅም ምልልስ ስለሚያስኬድ፣ በተለይ አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከብበው በሚቀመጡበት ጊዜ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ወይም በኅዳጉ ላይ የተናጋሪውን ስም የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ማስፈር ይጠቅማል። ከዚህ የበለጠ የሚክስ ልማድ ደግሞ አንድ ሰው መጠጥ ባዘዘ ቁጥር ቆም ብሎ ከዚያ በፊት ምን ተብሎ እንደነበር መመልከት ነው። ብዙ ጊዜ መልስ የሚሻ ነገር ተነሥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ጓደኛው ቢል ጎርተን ሐዘን የተጫነውን ጄክን አብሰንት የተባለውን ኃይለኛ መጠጥ እንዲጠጣና እንዲሰክር ሲገፋፋው ግን ምክንያቱ ፊት ለፊት ይወጣል።

ይሁን እንጂ መጠጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ጄክና ቢል በስፔን በቡርጌቴ መንደር አርፈው በኢራቲ ወንዝ ትራውት ዓሣ ሲያጠምዱ የሚጠጡት ወይን በምንጭ ውኃ የቀዘቀዘ ነው፤ ቀልዳቸው ማንንም አያቆስልም፤ ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊም ሲለያዩ በእጁ የሠራቸውን ዝንብ መሰል የዓሣ ማጥመጃዎች ይሰጣቸዋል። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል በስፔኗ ፓምፕሎና ከተማ ወደሚከበረው የኮርማ ፍልሚያ በዓል ለመድረስ ሲል ይሮጥበታል። የፓምፕሎናው መጠጥ ምን እንደጎደለው የሚታወቀው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነውና፣ እዚህ ላይ መዘግየት ያስፈልጋል።

ጄክ ስለ ጓደኛው ስለ ሮበርት ኮን የሚናገረውን በጥርጣሬ መቀበል ይገባል። ኮን አይሁዳዊ በመሆኑ ጓደኞቹ የሚሰነዝሩበት ስድብ በዘመኑ የነበረውን ጥላቻ ያሳያል፤ ተራኪውም ራሱ ከዚህ ንጹሕ አይደለም። መጽሐፉ የሚጀምረው ኮን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛ ክብደት ቦክስ ሻምፒዮን እንደነበር በማቃለል በመንገር ነው። በአሥረኛው ምዕራፍ ግን ኮን ከብሬት ጋር ወደ ስፔኗ ከተማ ሳን ሴባስትያን በመሄዱ፣ ጄክ እርሱ ራሱ በቅናት እንደታወረ ይናዘዛል። ይህን ካነበቡ በኋላ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሶ ሥዕሉ ምን ያህል ፍትሐዊ እንደነበር መመዘን መልካም ነው።

በፓምፕሎናው የሳን ፌርሚን በዓል ላይ የሚካሄደውን የኮርማ ፍልሚያን ደንብ ቀድሞ ማጥናት ግዴታ አይደለም፤ ጄክ ራሱ ለብሬት ሲያስረዳ አንባቢውም ይማራል። ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የሆቴሉ ባለቤት ሞንቶያ ነው። ሞንቶያ ፍልሚያውን ከልብ የሚወድ በመሆኑ ጄክን እንደ ወገኑ ያያል፤ ጄክ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ተፋላሚ ፔድሮ ሮሜሮን ከብሬት ጋር ያገናኛል። ጓደኞቹ ከሆቴሉ ሲወጡ ሞንቶያ አጠገባቸው እንኳ አይደርስም፤ ጄክም ይህን ጠቅሶ አስተያየት ሳይጨምር ያልፋል። ሰው የገደለው ኮርማ ጆሮ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ሮሜሮ ለብሬት ይሰጣታል፤ እርሷ ደግሞ በመሐረብ ጠቅልላ ከሲጋራ ቁራጮች ጋር በሆቴሉ መሳቢያ ውስጥ ትታው ትሄዳለች። ተራኪው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይነግረናል፤ ፍርዱን የሚሰጠው አንባቢው ነው።

ሦስተኛው ክፍል አንድ ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ መጨረስ ይሻላል። ጄክ ማድሪድ ውስጥ በቦቲን ምግብ ቤት ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ ሲያስከትል፣ ብሬት እንዳይሰክር ትለምነዋለች፤ መስከር እንደማያስፈልገውም ትነግረዋለች። እስከዚያ ድረስ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ቅናቱና ስለ ሞንቶያ ዝምታ በማስታወሻ የያዘ አንባቢ፣ ይህን ልመና ካነበበ በኋላ በታክሲው ውስጥ የሚለዋወጡትን የመጨረሻ ቃላት ምሬት ወይስ ፍቅር ብሎ እንደሚሰማቸው ራሱ ይወስናል።