ማክሮው ምንም ሳይናገር ሲቆም፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የኤክሴል ማክሮ (ሥራን በራሱ እንዲያከናውን የተጻፈ ኮድ) ይዞ «ማክሮው ይጀምራል፣ መሐል ላይ ይቆማል፣ የስህተት መልእክት ግን የለም» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፦ «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት»። ብዙውን ጊዜም አገኘዋለሁ፤ ያውም ከኮዱ አናት ላይ።

እባካችሁ ይህን መስመር እዚያ አትለጥፉት። ስህተትን አያስተካክልም፤ ኤክሴልን «ስህተት ብታገኝም አትንገረኝ፣ ወደሚቀጥለው መስመር እለፍ» ብሎ ያዛል። ትእዛዙም «ኦን ኤረር ጎቱ ዜሮ» እስኪባል ወይም ፕሮሲጀሩ (መስመሩ ያለበት የኮድ ክፍል) እስኪያልቅ ይጸናል። አንድ ሺት መኖር አለመኖሩን ለማጣራት ለአንዲት መስመር ብቻ መጠቀም ያባት ነው። መቶ መስመር ኮድ በእሱ መሸፈን ግን የራስን ዓይን መጋረድ ነው።

ይህን የምለው እኔም ስላደረግሁት ነው። የሠራተኞችን የቅጥር ቀን እያነበበ የዓመት ፈቃድ የሚያሰላ ማክሮ ጽፌ ነበር። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር በጽሑፍ መልክ የገቡ ናቸው። ዝርዝሩ በቅጥር ቀን ስለተደረደረ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ የተቀጠሩት ጋ ሲደርስ ከሉፑ (ረድፎቹን በየተራ ከሚያስኬደው ድግግሞሽ) እንዲወጣ አድርጌዋለሁ። ማክሮው ግን ገና መሐል ላይ ቆመ፤ ከዚያ በታች ያሉት ሠራተኞች ፈቃድ ባዶ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። በመጨረሻ በ«ዲበግ ዶት ፕሪንት» የእያንዳንዱን ረድፍ ቁጥር ሳስወጣ የቆመበት ረድፍ ተገኘ፤ ቀኑ 30/02/2001፣ ማለትም ጥቅምት 30 ነበር። ለእኛ ትክክለኛ ቀን ነው። ቪቢኤ (ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) ግን በየትኛውም አቅጣጫ ቢያነበው እንዲህ ያለ ቀን አያውቅም፤ ፌብሯሪ 30 የለምና። ስለዚህ ጽሑፍን ወደ ቀን የሚቀይረው «ሲዴት» ተሰናከለ።

ታዲያ ለምን ሉፑን ትቶ ወጣ? ስህተቱ የተፈጠረው በ«ኢፍ» ቅድመ ሁኔታ ውስጥ ነው። ሪዙም ኔክስት እየሠራ ቅድመ ሁኔታው ሲሰናከል ቪቢኤ «አልተሟላም» ብሎ ብሎኩን አይዘልም። ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳል፤ የሚቀጥለው መስመር ደግሞ የ«ኢፍ» ሆድ ውስጥ ነው። እኔ እዚያ ያስቀመጥሁት «ኤግዚት ፎር»፣ ማለትም «ከሉፑ ውጣ» የሚለው ነበር።

ጳጉሜን ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ ጳጉሜን 5 ቀን 2001 ብላችሁ 05/13/2001 ብትጽፉ ምንም ስህተት ሳያወጣ ሜይ 13 አድርጎ ይወስደዋል። የእኛን ቀን ቀን፣ ወርና ዓመት ብላችሁ በሦስት አምድ ለዩት፤ ስሌቱንም በቁጥር ሥሩት።

የተዋጠ ስህተት ለማውጣት ኮዱን መነካካት አያስፈልግም። በቪቢኤ መስኮት ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ጄነራል ውስጥ ገብታችሁ «ብሬክ ኦን ኦል ኤረርስ» የሚለውን ምረጡ። ስትጨርሱ ወደነበረበት መልሱት።

አሁን ደግሞ ኮዱ ምንም ሳይኖርበት ሰውን የሚያሰቃየው። ማክሮው ሌላ ፋይል ይከፍታል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። በኤፍ 8 መስመር በመስመር ሲያስኬዱት ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንዲት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ኮዷን ሦስት ጊዜ ከባዶ ጽፋ፣ ተስፋ ቆርጣ ነበር የመጣችው። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን አየሁ፤ ማክሮውን የምታስነሳው በኮንትሮል፣ ሺፍትና አንድ ፊደል ነው። ሺፍት ተጭኖ ፋይል መክፈት ለኤክሴል «ማክሮ ሳታስነሳ ክፈት» ማለት ነው፤ እየሄደ ያለውንም ማክሮ አብሮ ያስቆመዋል። አቋራጩን ያለ ሺፍት አደረግነው፣ ሠራ። እንደዚያን ቀን ሰው ሲደሰት ብዙ አላየሁም።

«አክቲቭወርክቡክ ዶት ክሎዝ» ስትሉ ከፊት ያለው ፋይል ኮዱ ያለበት ራሱ ከሆነ፣ ኮዱም አብሮ ይዘጋል። የከፈታችሁትን ፋይል በቫሪያብል ያዙትና እሱኑ በስሙ ዝጉት።

ሴል ሲቀየር የሚነሳው ማክሮ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት እንቢ ካለ «ኢኔብልኢቨንትስ» (ማክሮ በራሱ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቅንብር) ፎልስ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው፤ ማክሮው ከመጨረሻው መስመር በፊት ሲቋረጥ የሚመልሰው የለም። በቪቢኤ መስኮት ውስጥ ኮንትሮልና ጂ ተጫኑ፣ በሚመጣው መስኮት ትሩ አድርጉት።

በሴል ውስጥ እንደ ፎርሙላ የምትጠሩት ፈንክሽን ሲሰናከል መልእክት አያወጣም፤ ሴሉ ላይ «ቫልዩ» ብቻ ይጽፋል። ከትንሽ ሰብ (ራሱን ችሎ ከሚሄድ ፕሮሲጀር) ጥሩት፣ ችግሩን ያሳያችኋል።

አንዳንዱ ማክሮ ደግሞ አልቆመም፤ ጨርሷል። የመጨረሻውን ረድፍ በ«ኤክስኤል ዳውን» ከላይ ወደ ታች ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ባገኘው ባዶ ሴል ዳር ይቆማል። ከድሮ ኮድ የተቀዳ 65536 የሚል ቁጥር ካለም እሱን አጥፉት፤ ከኤክሴል 2007 ወዲህ ረድፉ 1,048,576 ነው። «ሮውስ ዶት ካውንት» ብላችሁ ከታች ወደ ላይ በ«ኤክስኤል አፕ» ፈልጉ።