የአረጋውያን የደም ቆጠራ ውጤት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

አባት ወይም እናት «ዳገት መውጣት አቃተኝ፤ ብድግ ስል ዓይኔ ላይ ጭልም ይልብኛል» ሲሉ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዕድሜ ብቻውን ግን ደም አያሳንስም፤ ስለዚህ ከሲቢሲ (የሙሉ ደም ቆጠራ) ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ሂሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ይታያል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለወንድ ከ13፣ ለሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር ካነሰ የደም ማነስ ነው። ይህ ወሰን ግን ለቆላና ለደጋ እኩል አይሠራም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና በስስ አየር ሰውነት ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ስለሚያመርት፣ ወሰኑ በአንድ ግራም ገደማ ከፍ ሊል ይገባል። 13.2 የተመዘገበላቸው የደብረ ማርቆስ አባት «ደህና ነዎት» ተብለው ቢሸኙም፣ ደም አንሷቸው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የቀይ ሕዋሱ መጠን፣ ማለትም ኤምሲቪ፣ ይነበባል። ከ80 በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው፤ በአረጋዊ ሰው ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ብረቱ በየት በኩል እንደፈሰሰ ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አዘውትሮ መውሰድ ጨጓራን ያደማል፤ በባዶ እግር በሚያርሱ ገበሬዎች ዘንድ የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፤ የጨጓራና የአንጀት ካንሰርም በዚሁ መልክ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደነበር ይጠየቅ፣ ሰገራ ይመርመር፣ አስፈላጊ ከሆነም ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥን የማየት ምርመራ) ይደረግ። የብረት እንክብል ራሱ ሰገራን ስለሚያጠቁር፣ ይህ ጥያቄ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መቅደም አለበት። እንክብሉ ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድ። በአንድ ወር ሂሞግሎቢኑ ቢያንስ በአንድ ግራም ካልጨመረ መንስኤው እንደገና ይፈለግ።

ኤምሲቪ ከ100 በላይ ሲሆን የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት (የፎሊክ አሲድ) እጥረት፣ አረቄ ማዘውተር ወይም የጉበት ሕመም ይጠረጠራል። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱና የፍስክ ምግብ እምብዛም የማይቀምሱ አረጋውያን በቢ12 እጥረት ሊጠቁ ይችላሉ። እጥረቱ ከታወቀ ቢ12 ይሰጣል፤ የቢ12 እጥረት ባለበት ፎሊክ አሲድ ብቻውን መስጠት ደሙን እያሻሻለ የነርቭ ጉዳቱን ሸፍኖ ስለሚያስቀጥል አደገኛ ነው። ኤምሲቪው መካከለኛ ሆኖ ደም ካነሰ ደግሞ ኩላሊት ይታይ።

ነጭ የደም ሕዋስ 3,500 ሆኖ ሰውየው ጤነኛ ከሆኑ ወዲያው መደናገጥ አይገባም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ዝቅ ያለ ቁጥር ስላላቸው የቀድሞው ወረቀት ተፈልጎ ይነጻጸር። በተቃራኒው፣ አረጋዊ ሰው የሳንባ ምች ይዟቸው ሳለ ትኩሳትም ላይኖራቸው፣ ቁጥሩም ላይጨምር ይችላል፤ ምግብ እንቢ ካሉና ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ቁጥሩን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይወሰዱ።

ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ፣ ከ150,000 በታች ሲሆን ሕዋሶቹ በናሙናው ቱቦ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ቆጠራውን አሳስተው ሊሆን ስለሚችል በማይክሮስኮፕ ይረጋገጥ። ትኩሳት ያለባቸውና ከዓባይ በረሃ የተመለሱ ከሆኑ የወባ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ድዳቸው ወይም አፍንጫቸው ከደማ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።