ኮምፒውተሩ ድንገት ዝም ሲል

ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሬን ስከፍት ሁሉም አለ፤ ድምፅ ብቻ የለም። እናቴ "በቃ ተቃጥሏል" አለች። እሷ ዘንድ ዝም ያለ ነገር ሁሉ ተቃጥሏል።

አንዴ ሲፒዩውን ታቅፌ በታክሲ ፒያሳ ድረስ ወስጄው፣ ሠሪው ሚዩቱን አጥፍቶ ብሬን ተቀብሎኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሚዩት እንዳልሆነ እዩ። ከዚያ ስፒከሩን ስልካችሁ ላይ ሰኩት። እዚያ ከሠራ ስፒከሩ ደህና ነው። ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ መሆን አለበት፤ ሮዙ የማይክ ነው። ቤት ሲጠረግ በቀላሉ ይላቀቃል።

የእኔ ግን ገመድ አልነበረም። ስክሪኔ የተገናኘው ምስልም ድምፅም በሚያስተላልፈው በኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ዊንዶውስ ሆዬ ድምፁን ወደ ስክሪኑ ልኮ ቁጭ ብሏል። ስክሪኑ ደግሞ ስፒከር የለውም! ከታች በስተቀኝ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ ከድምፅ መስመሩ በላይ የመሣሪያው ስም አለ። እሱን ስትነኩት ዝርዝር ይወጣል፤ "ስፒከርስ" የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ከመስመሩ በስተቀኝ ያለውን ምልክት ንኩ።

ዝርዝሩ ውስጥ ስፒከር ጭራሽ ከሌለ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከድምፅ መሣሪያው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ጠርጥሩ። ስታርትን ቀኝ ክሊክ አድርጉ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ። ከድምፅ መሣሪያዎቹ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሪልቴክ የሚለውን፣ አንኢንስቶል አድርጋችሁ ሪስታርት በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

የእኔ እንደተስተካከለ ድምፁ 100 ላይ ነበርና ቤቱን አናጋው። እናቴ አሁን "ቀንሰው!" እያለች ነው።