ሳይዘንብ ሂሳብ ሥሩ፦ ውሃ ማጠራቀም በቆላ

ቦረናና ሶማሌ ክልል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀርቶባቸዋል። እንዲህ ያለውን ድርቅ የቤት ሮቶ አይችለውም፣ አንዋሽ። አንድ ወቅት ሲቀር ግን ቦቴ ከመጠበቅ መዳን ይቻላል።

መጀመሪያ ሂሳቡ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ላይ በወቅቱ 200 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 8,000 ሊትር፤ የሚባክነውን ቀንሳችሁ 6,400 በሉት። ይህን የሚይዝ ዕቃ ካላችሁ፣ ስድስት ሰው ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በነፍስ ወከፍ በቀን 7 ሊትር ቢጠቀም አምስት ወር ያስኬዳል። በሙቀት ቀን 25 ሊትር የምትጠጣ አንዲት ላም ከተጨመረች ግን ሦስት ወር ብቻ! ስለዚህ የከብቱ ውሃ ከቤቱ ይለይ።

አሸንዳው ወደ ሮቶው ትንሽ ያዘንብል። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የአቧራና የወፍ ኩስ እጣቢ ነውና ሁለት ጀሪካን ያህሉን ድፉት። የሮቶው አፍ በወንፊት ይሸፈን፣ ክዳኑም ይገጠም፤ ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ይሆናል፣ ትንኝም ይራባበታል።

ቢርካ፣ ማለትም ጎርፍ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፣ ያላችሁ ደግሞ ዋናው ሥራችሁ ከዝናቡ በፊት ነው። ደለሉን አውጡ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑ፣ ጎርፉ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት የደለል ጉድጓድ ቆፍሩ። ብዙ ሰው አዲስ ለመቆፈር ይሯሯጣል፤ እኔ ግን በዚያው ገንዘብ ያለውን ጠግናችሁ ክደኑት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በቆላ ፀሐይ ከተከፈተ ኩሬ በዓመት 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ተንኖ ሊሄድ ይችላል። ቆርቆሮ ከተወደደ እንጨት ረብርባችሁ ሸራ ወይም ሰሌን ጣል አድርጉበት። እስከ ጠብታው አትጨርሱት፤ ባዶውን ፀሐይ የመታው ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን በእሾህ አጥሩና የከብቱን ገንዳ ከአጥሩ ውጭ አድርጉት።

ውሃው የጋራ ከሆነ ተራ የሚያስይዝ ሰው ይኑር። ቦረናዎች ለየኤላቸው (ለየጥልቅ የውሃ ጉድጓዳቸው) አባ ሄሬጋ አላቸው፤ ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚከታተለው እሱ ነው፣ ሳይጠየቅ የሚነዳም የለም።

የቢርካና የቦቴ ውሃ ሳይታከም አይጠጣ። ከደፈረሰ በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ክሎሪኑን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን ከሌለ አፍሉት። ሮቶው ላይ ግማሹን በቀለም አስምሩ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ልብስ ማጠቢያው ከሌላ ቦታ ይቀዳ።