“ጠብታ እያደረግኩለት ባሰበት”፦ የውሻ ዓይን ሲያም የሚሠሩ ስህተቶች

“ዶክተር፣ ጠብታ እያደረግኩለት ነው፤ ግን ባሰበት።”

ይህን ስሰማ ከውሻው በፊት ብልቃጡን ነው የምጠይቀው። ከቦርሳ እስኪወጣ ድረስ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምን እንደሚወጣ አውቃለሁና። ባለፈው ዓመት የሌላ ውሻ ዓይን ቀልቶ ታዝዞ የተረፈ ነው። ወይም የባለቤቱ የራሱ ነው። አዙሬ ሳነበው ከአንቲባዮቲኩ ስም ሥር በደቃቅ ፊደል ዴክሳሜታዞን ይላል። “አንቲባዮቲክ ነው እኮ!” ይሉኛል። አዎ፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት አንቲባዮቲክ።

ስቴሮይድን አልጠላም። ለዓይን ውስጥ ብግነት እኔም አዝዘዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ኮርኒያው፣ ማለትም እንደ መስታወት የጠራው የዓይን ፊት፣ ቁስል ሲኖርበት ነው። ያኔ ስቴሮይዱ ቁስሉ እንዳይድን ይይዘዋል፤ ለባክቴሪያም በር ይከፍታል። የሚያናድደው ደግሞ መቅላቱ መቀነሱ ነው። ባለቤቱ “እየተሻለው ነው” ብሎ ይጨምርለታል። አንድ ቀን ጠዋት ኮርኒያው እንደ ጄሊ ለስልሶ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው ስለ ጠብታ ሳይሆን ስለ ቀዶ ጥገና ነው።

ቁስል መኖሩን ለማወቅ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም አለ። ብርቱካናማውን የወረቀት ጫፍ አርጥቤ ዓይኑን ነካ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ አጥበዋለሁ። ሰማያዊ መብራት ሳበራበት ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ይህ ሳይደረግ ስቴሮይድ ዓይን ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማደንዘዣ ጠብታ ነው። ጨፍኖ የመጣው ውሻ ፕሮፓራካይን ሲገባለት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዓይኑን ከፈት ያደርጋል። ባለቤቱ ተአምር ያየ ይመስለዋል። “ይህቺን ብልቃጥ ስጡኝ!” አልሰጥም። ለምርመራ ነው የተሠራችው። ሲደጋገም የኮርኒያውን ሕዋሳት ትጎዳለች። የደነዘዘ ዓይን ደግሞ በደንብ አይርገበገብም፤ ውሻው በመዳፉ ቢቧጭረው እንኳ አይሰማውም።

ከሰው መድኃኒት ሣጥን የወጣ የሕመም ማስታገሻ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን ወይም የዳይክሎፌናክ ኪኒን፣ ለውሻ አይሰጥም። ጨጓራ ያቆስላል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ለዓይኑ የመጣልኝን ውሻ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳየው መጀመሪያ ሆዱን ማከም ግድ የሆነበት ቀን አለ። ለውሻ ተብለው የተዘጋጁ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በክብደቱ ተሰልተው፣ ከምግብ ጋር። ካስመለሰው ማቆምና መደወል ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን እየወሰደ ከሆነ ደግሞ ሳይጠየቁ ይንገሩን፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሰጡም።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ዓይኑ የቀላ ውሻ መጣልኝ። “ብግነት ነው” አልኩና አትሮፒን አዘዝኩ። አትሮፒን የዓይኑን የውስጥ ጡንቻ ከመኮማተር ስለሚያሳርፈው ለብግነት ሕመም ጥሩ ነው። የዓይኑን የውስጥ ግፊት ግን አልለካሁም። በማግስቱ ዓይኑ ደመና ለብሶ፣ አበጥ ብሎ መጣ። ለካ ግላኮማ ነበር፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ከልክ የሚያልፍበት ሕመም። ጤነኛ የውሻ ዓይን ግፊቱ በግምት ከ10 እስከ 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ያ ከዚህ እጅግ አልፎ ነበር። አትሮፒን እንዲህ ያለውን ግፊት ያባብሰዋል። የግላኮማ ዋናው ማስታገሻ እንደ ዶርዞላማይድ ባሉ መድኃኒቶች ግፊቱን ማውረድ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ሊጠፋ ስለሚችል “ነገ ይታያል” አይባልም። የዚያ ውሻ ዓይን ብርሃኑ አልተመለሰም። ባለቤቱ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር፤ አመስግነውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ግፊት ሳልለካ አትሮፒን አልነካም።

በነገራችን ላይ አትሮፒን ከተደረገለት በኋላ አረፋ ቢደፍቅ አትደንግጡ። ጠብታው ከዓይን በአፍንጫ በኩል ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ በጣም መራራ ነው።

ዓይኑን እንዳይቧጭር አንገቱ ላይ የሚታሰረውን ኮን “አሳዘነኝ” ብላችሁ አታውልቁ።

ጠብታ ስታደርጉ እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደል፤ የሁላችንም ተንቀጥቅጧል። ከፊት ለፊቱ አትምጡበት። ከኋላው ሆናችሁ አገጩን ቀና፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጉ። አንድ ጠብታ ይበቃል። ሁለት ዓይነት ከታዘዘ በመሃል 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ። የብልቃጡ ጫፍ ዓይኑን እንዳይነካ።

በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ሲከፍት መድኃኒቱን የሚያቆሙም አሉ። የከፈተው ሕመሙ ስለቀለለው ነው። ቁስሉ መዳኑን የሚነግረን ያ የፍሎረሲን ቀለም ነው፤ ለቀጠሮው ኑ።

“አልጮኸም እኮ፣ ምኑን ያመዋል?” የሚለውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ስለሚያሳዝነኝ ነው። ዓይኑን ያመመው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ዓይኑን ገርበብ ያደርጋል፤ ያነባል፤ ፊቱን ምንጣፍ ላይ ያሻል፤ ብርሃን ይሸሻል። ወይም ዝም ብሎ ይተኛል። አንዲት ሴት ለወራት “አርጅቶ ነው” ሲሉት የነበረ ውሻ አመጡልኝ። አንድ ዓይኑ በግላኮማ ጠፍቶ ነበር፤ ሕመሙ ግን አልጠፋም። መድኃኒቱም አልያዘለትም። ሴትየዋ ብዙ አልቅሰው ዓይኑ እንዲወጣ ተስማሙ። ክሩን ላወጣለት በቀጠሮው ሲመጣ ማሰሪያውን እየጎተተ ገባ፤ እሳቸው ከኋላው እየሮጡ።

“ዶክተር፣” አሉኝ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ “አላረጀም ነበር ለካ።”