ትልቅ ዳታ አርስቱዲዮ ላይ አልታይ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

የጤና ወይም የስታቲስቲክስ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብላችሁ መጀመሪያ የምትከፍቱት ትልቅ ዳታ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሊሆን ይችላል። እኔም በፈረንጆቹ 2016 በተሰበሰበው ላይ ላስረዳ። የሴቶቹ ፋይል 15,683 ረድፍ አለው። አንዱ ረድፍ አንዲት ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49። ዓምዶቹ ደግሞ በሺዎች ይቆጠራሉ። ይህን ፋይል ከፍቶ «ዳታዬ ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጥ ጀማሪ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ፋይሉን አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዳታው ምንም አልሆነም። የተቆረጠው ስክሪኑ ላይ የወጣው ብቻ ነው።

አርስቱዲዮ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ የምንጽፍበት ፕሮግራም ነው። ትዕዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ፋይሉን ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በሚጠቀምበት ዓይነት አውርዳችሁ፣ «ሄቨን» በሚባለው ፓኬጅ (አር ላይ በሚጨመር የትዕዛዞች ስብስብ) «ሪድ_ዲቲኤ» ብላችሁ ከፍታችሁ፣ «ዳታ» የሚል ስም ሰጥታችሁታል ብዬ ልነሳ።

«10 ረድፍ ብቻ ነው የመጣልኝ፣ ሌላው የት ሄደ?»

የትም አልሄደም። በ«ሄቨን» የተከፈተ ፋይል ቲብል የሚባል የሰንጠረዥ ዓይነት ነው። ቲብል ደግሞ ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ የመጀመሪያዎቹን 10 ረድፎችና ስክሪኑ የቻለውን ያህል ዓምድ ብቻ ያወጣል። ከታች በደብዛዛ ቀለም ስንት ረድፍና ስንት ዓምድ እንደቀረ ይነግራችኋል። ያቺን መስመር አንብቧት።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ «ዲም(ዳታ)» በሉ። ሁለት ቁጥር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሁለተኛው ዓምድ ነው። ረድፉ 15,683 ካለ ፋይሉ ሙሉ ነው፣ በቃ። አርስቱዲዮ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ያለው ሳጥንም ይህንኑ ከዳታው ስም ጎን ይጽፈዋል። ማንኛውንም ዳታ ከፍታችሁ ገና ምንም ሳትነኩ «ዲም» ማለትን ልማድ አድርጉት። ስንት ረድፍ መኖር እንዳለበት ከጥናቱ ሪፖርት ላይ አይታችሁ አመሳክሩ። ይህን ሳያደርግ ወደ ትንተና የሚገባ ሰው የጎደለ ነገር ቢኖር የሚያውቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

ተጨማሪ ረድፍ ማየት ከፈለጋችሁ «ፕሪንት(ዳታ፣ ኤን=30)» ማለት ይቻላል። የመጨረሻዎቹን ለማየት «ቴይል(ዳታ)» አለ።

«ማክስ ፕሪንት ላይ ደርሷል የሚል መልእክት መጣ»

ይህ የሚመጣው ዳታው ቲብል ሳይሆን ዳታ ፍሬም የሚባለው የአር ተራ ሰንጠረዥ ሲሆን ነው። አር በአንድ ጊዜ የሚያትመው ነገር ላይ ገደብ አለው። አርስቱዲዮ ውስጥ ገደቡ ብዙውን ጊዜ 1,000 ነው፤ ብዙ ሰው ግን 1,000 ረድፍ ይመስለዋል። አይደለም፣ የሚቆጠረው እያንዳንዱ ሕዋስ ነው። 20 ዓምድ ያለው ዳታ 50 ረድፍ ላይ ይቆማል። በሺዎች የሚቆጠር ዓምድ ካለው ደግሞ አንድ ሙሉ ረድፍ እንኳ ላይወጣ ይችላል። የዓምድ ስም ብቻ ሲግተለተል አይታችሁ «ዳታው ባዶ ነው» ያላችሁት ለዚህ ነው።

ገደቡን ወደ ሚሊዮን ከፍ አድርጉ የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል። አትስሙት። ኮንሶሉ (ትዕዛዝ የምትጽፉበትና ውጤት የሚወጣበት ሳጥን) ቁጥር ሲያጎርፍ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ እናንተም ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር አታነቡም። ቀድማችሁ ጀምራችሁት ከሆነ ኢስኬፕን ተጫኑ፣ ወይም ኮንሶሉ ጥግ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ንኳት፤ ይቆማል። ከዚያ ዳታውን «አዝ_ቲብል» ብላችሁ ወደ ቲብል ቀይሩት።

«ቪው አልሠራ አለኝ»

መጀመሪያ የምታዩት ፊደሏን ነው። ዳታውን በሰንጠረዥ መልክ የሚከፍተው የአር ዋናው «ቪው» በትልቁ ቪ ነው የሚጻፈው። በትንሹ ከጻፋችሁት እንዲህ የሚባል ፈንክሽን የለም ይላችኋል። (ታይዲቨርስ የሚባለውን የፓኬጆች ስብስብ ከጫናችሁ በትንሹም ይሠራል። ለዚህ ነው አንዱ ማሽን ላይ የሠራው ሌላው ላይ እምቢ የሚለው።) ዳታው አልተገኘም ካለ ደግሞ የሰጣችሁትን ስም ፊደል በፊደል አረጋግጡ፤ አር ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል።

«ቪው ተከፈተ፣ ግን 50 ዓምድ ላይ ቆመ» ወይም «አርስቱዲዮ ደረቀብኝ»

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ሰንጠረዡ ለዓይን በጣም ሰፊ ነው። አርስቱዲዮ ዓምዶችን በ50 በ50 እየከፈለ ያሳያል። ከሰንጠረዡ በላይ ወደ ቀጣዮቹ 50 የሚወስዱ ቀስቶች አሉ። እሱ ለጊዜው ያግዛል። ግን ቀስት እየተጫኑ በሺዎች የሚቆጠር ዓምድ ማየት ሥራ አይደለም፣ ማንም አያደርገውም።

የሚሻለው የምትፈልጓቸውን ዓምዶች ለይቶ ማውጣት ነው። ለጥናታችሁ ስንት ዓምድ ያስፈልጋል? ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30። ለምሳሌ ዕድሜ ቪ012 ነው፣ ክልል ቪ024፣ ከተማ ወይም ገጠር ቪ025፣ የትምህርት ደረጃ ቪ106፣ የሀብት ደረጃ ቪ190። የናሙና ክብደቱ ቪ005 ነው፤ እሱን በ1,000,000 ማካፈል አትርሱ፣ ምክንያቱም ነጥቡ ተነሥቶ ነው የተጻፈው። «ዲፕላየር» ፓኬጅ ውስጥ ባለው «ሴሌክት» እነዚህን ብቻ ወስዳችሁ «ትንሽ» ለሚባል አዲስ ዳታ ስጧቸውና «ቪው(ትንሽ)» በሉ። ወዲያው ይከፈታል።

የዓምዱን ስም ካላወቃችሁትስ? «ሌብልድ» የሚባል ፓኬጅ ውስጥ «ሉክ_ፎር» የሚል ትዕዛዝ አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ትሰጡታላችሁ፣ ያ ቃል በስሙ ወይም በመግለጫው ውስጥ ያለበትን ዓምድ ሁሉ ያወጣላችኋል። ይህን ትዕዛዝ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ አላየሁም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ፋይል ግን ከእሱ የሚጠቅም የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቪው ላይ ዓምድ ስትደረድሩ ወይም ፊልተር ስታደርጉ የሚለወጠው እይታው ብቻ ነው። ዳታው እንደነበረው ነው። ቪው ላይ የአማራ ክልልን ብቻ ለይቶ ካየ በኋላ አማካይ ያሠራ ሰው የሚያገኘው የመላ አገሪቱን አማካይ ነው፤ ምንም የስህተት መልእክትም አይመጣም። ዳታውን በእርግጥ ማጥበብ ከፈለጋችሁ «ፊልተር» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ ውጤቱን በአዲስ ስም ያዙት።

«ከተማና ገጠር መሆን ሲገባው 1 እና 2 ነው የሚለኝ»

ዳታው የተቀመጠው በኮድ ነው። ቪ025 ላይ 1 ከተማ፣ 2 ገጠር ነው። ቪ106 ላይ 0 ያልተማረች፣ 1 አንደኛ ደረጃ፣ 2 ሁለተኛ ደረጃ፣ 3 ከዚያ በላይ ነው። መግለጫው ከፋይሉ ጋር አብሮ አለ። «አዝ_ፋክተር(ትንሽ)» ስትሉ ቁጥሮቹ ወደ ቃል ይቀየራሉ።

ግን ኮዱን የያዘውን ዳታ አታጥፉት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ቁጥሮች ልዩ ትርጉም አላቸው። ይህን ቪው አያሳያችሁም። የሰውነት ክብደትና ቁመትን የሚያነጻጽረውን ቪ445 ውሰዱ። እዚያ 2105 ካለ 21.05 ማለት ነው። 9998 ካለ ግን ልኬቱ አጠራጣሪ ነው ተብሎ የተለየ ሰው ነው። ከ15,683 ረድፍ ውስጥ እነዚህን በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። «ሰመሪ» ብትሉ ግን ትልቁ ቁጥር 9998 ሆኖ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። ሳታዩት አማካይ ካሠራችሁ ደግሞ ውጤታችሁ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ ለቁጥር ዓምድ «ሰመሪ»፣ ለኮድ ዓምድ «ቴብል» (ከቲብል ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ይህ ትዕዛዝ ነው) እያላችሁ እያንዳንዱን ዓምድ ጠይቁት። ትልቅ ዳታ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው እንጂ ከላይ እስከ ታች በመውረድ አይደለም።

«ዓምዶቹ ሙሉ በሙሉ ኤንኤ ናቸው»

ኤንኤ አር ባዶ ቦታን የሚያሳይበት ምልክት ነው። እነዚህን ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው የወሊድ ታሪክ ክፍል ላይ ነው። ፋይሉ ለእያንዳንዷ ሴት እስከ 20 ለሚደርሱ ልጆች ቦታ አዘጋጅቷል፤ ቢ3_01፣ ቢ3_02 እያለ እስከ ቢ3_20 ይሄዳል። ሦስት የወለደች ሴት ሦስቱን ትሞላለች፣ የቀሩት 17 ባዶ ናቸው። ዓምዶቹ በሺዎች የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ፋይሉ ደህና ነው። ጥናታችሁ ስለ ልጆች ከሆነ ግን ከዚህ ፋይል ጋር አትታገሉ፤ አንዱ ረድፍ አንድ ልጅ የሆነበት ሌላ ፋይል አብሮ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ።

«የ2016 ዳታ ነው ብዬ ነበር፣ ዓመቱ 2008 ይላል»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ሰው ያስደነግጣል፤ በተለይ ዳታውን ከውጭ አገር ሆኖ ለሚሠራ። የተሳሳተ ፋይል አላወረዳችሁም። ቃለ መጠይቁ የተደረገው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ቀኖቹም በእኛ አቆጣጠር ነው የገቡት። የቃለ መጠይቁ ዓመት ቪ007 ላይ 2008 የሚለው ለዚህ ነው።

ወሩና ዓመቱ አንድ ላይ ሆነው በአንድ ቁጥር የሚቀመጡባቸው ዓምዶችም አሉ። አሠራሩ ከዓመቱ ላይ 1900 ቀንሶ፣ በ12 አባዝቶ፣ ወሩን መደመር ነው። የካቲት 2008 ከሆነ 108 በ12 ሲባዛ 1,296፣ የካቲት 6ኛ ወር ስለሆነ 6 ሲደመር 1,302 ይሆናል። ወደ ፈረንጅ ወር ለመቀየር 92 ትደምራላችሁ፤ 1,394 ይመጣል፣ ይህም ፌብሯሪ 2016 ነው። የሁለት ቀኖችን ልዩነት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ለምሳሌ የልጁን ዕድሜ በወር፣ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር ስለሆኑ ምንም መቀየር አያስፈልግም። ከሌሎች አገሮች ዳታ ጋር የምታቀላቅሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀይሩ።

«ቬክተሩን ማስቀመጥ አልቻልኩም የሚል መልእክት መጣ» ወይም ላፕቶፑ ቆመ

ራም ሞልቷል። አር ዳታውን በሙሉ ራም ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እንዲህ ባለው ፋይል አንድ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 8 ባይት ይይዛል። 15,683 ረድፍ በ4,000 ዓምድ ብታባዙ፣ ያንን ደግሞ በ8፣ ወደ 500 ሜጋባይት ይመጣል። ዳታውን የሚያስተካክል አንድ ትዕዛዝ ስትሰጡ ለጊዜው ሌላ ቅጂ ሊሠራ ይችላል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ብሮውዘርም ተከፍቶ ከሆነ ቶሎ ይጨናነቃል።

መፍትሄው ከመጀመሪያው ጥቂቱን ብቻ መክፈት ነው። «ሪድ_ዲቲኤ» ውስጥ «ኮል_ሴሌክት» ላይ የምትፈልጓቸውን ዓምዶች ስም ስጡት፤ እነሱን ብቻ ያነባል። የዓምዶቹን ስም ገና ካላወቃችሁ «ኤን_ማክስ=100» በሉትና 100 ረድፍ ብቻ ክፈቱ፤ ስሞቹን እዚያ ላይ ፈልጉ፤ ከዚያ ሙሉውን በተመረጡት ዓምዶች ክፈቱ። የማትፈልጉትን ዳታ «አርኤም» ብላችሁ አውጡት፤ ካልበቃ ደግሞ ከሜኑው ላይ የአርን ሴሽን እንደገና አስጀምሩት። ኮዳችሁ ስክሪፕት ላይ ተጽፎ ሴቭ ከተደረገ የሚጠፋባችሁ ነገር የለም።

ለማየት ብላችሁ ወደ ኤክሴል መውሰድን አልመክርም። ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ከዚያ የሚተርፈውን ይቆርጠዋል። ይህ ፋይል በረድፍ ያን ያህል አይደርስም፤ ነገር ግን የሽያጭ ወይም የሞባይል ዳታ ቀላል በሆነ ሁኔታ ያልፈዋል። ተቆርጦ የተከፈተውን መልሶ ሴቭ ያደረገ ሰው ደግሞ የቀረውን አጥቷል።

«በአማርኛ የተጻፈው ስም በማይነበብ ኮድ ወጣ»

ይህ የሚመጣው ራሳችሁ የሰበሰባችሁት ዳታ ላይ ነው፤ የወረዳና የቀበሌ ስም በፊደላችን ሲገባ። ዊንዶውስ ላይ ከ4.2 በታች የሆነ አር ካላችሁ ፊደላቱን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ሊያወጣቸው ይችላል። አሁን ባለው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ አዲሱን አር ጫኑ፣ ይስተካከላል። ከኤክሴል የመጣ ሲኤስቪ ሆኖ የመጀመሪያው ዓምድ ስም ፊት ላይ ብቻ እንግዳ ምልክት ከተለጠፈ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት አለ። «ሪድ.ሲኤስቪ» ውስጥ «ፋይል ኢንኮዲንግ» የሚለውን «ዩቲኤፍ-8-ቦም» አድርጉት፤ ወይም በ«ሪደር» ፓኬጅ «ሪድ_ሲኤስቪ» ክፈቱት፣ እሱ ምልክቱን ራሱ ያወጣዋል።