ልጅ ይዛችሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለምትገቡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ የክትባቱን ወረቀት እዚሁ አስተካክሉ

«ልጄ ክትባቱን ጨርሷል» የማይለኝ ወላጅ የለም። እውነት ነው፣ ጨርሷል፤ የጨረሰው ግን የኢትዮጵያን ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ዝርዝር ሌላ ነው። ሰሞኑን ለዘመድ ጥየቃ ደሴ ነኝ፤ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ወርጄም አላመለጥኩም። አሜሪካ ስመለስ ደግሞ በእኩለ ሌሊት በስልክ ይቀጥላል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል፤ ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሁሉ «ይኸን አንብብ» እለዋለሁ።

የምናገረው ስለ ቨርጂኒያ ነው፤ አልፎ አልፎ ስለ ሜሪላንድ። የትምህርት ቤት ክትባትን የሚደነግገው እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ ዳላስ ያለች አክስታችሁ የነገረቻችሁ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። የትኛው ዶዝ ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም የሚለው ግን የትም ብትገቡ ያው ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የክትባት ካርዱ ለምን እንደማይበቃ። ጤና ጣቢያው አላጠፋም፣ ነርሷም አላጠፋችም። ኩፍኝን እንውሰድ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ ምክንያቱም ኩፍኝ እዚህ ሕፃን ይገድላል፣ ዓመት እስኪሞላ አይጠበቅም። አሜሪካ ግን ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተሰጠውን አይቆጥሩም፤ የአራት ቀን ጉድለት ቢሆን ያልፋሉ፣ የሦስት ወር ግን አያልፉም። በ15 ወር የተሰጠው ሁለተኛው ለኩፍኝ ይያዝለታል። ነገር ግን እነሱ የሚፈልጉት ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ አንድ ላይ ያሉበትን ኤምኤምአር የሚባለውን ነው፤ ልጆቻችን የወሰዱት ደግሞ በአብዛኛው የኩፍኝን ብቻ ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ስትደርሱ ነርሷ ኤምኤምአርን እንደ አዲስ ሁለት ጊዜ ትወጋዋለች። አትከራከሯት።

ፖሊዮ ይብሳል። ስንት ዘመቻ በር እያንኳኳ ጠብታ አጠጥቶ ጣቱን በቀለም ምልክት አድርጎለት ሄዷል? ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ዓለም ሦስቱንም ዓይነት ፖሊዮ የሚከላከለውን ጠብታ ትቶ ሁለቱን ብቻ ወደሚከላከለው ዞሯል። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት መርፌውን ወይም የድሮውን ጠብታ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጠጣው ሁሉ፣ የዘመቻውም የጤና ጣቢያውም፣ ለትምህርት ቤቱ ዜሮ ነው። ከካርዱ ላይ የሚተርፈው የመርፌው ፖሊዮ ብቻ ነው።

ፔንታ፣ ማለትም አምስት በሽታ የሚከላከለው አንዱ መርፌ፣ ሦስት ጊዜ ተሰጥቷል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። በውስጡ ያለው ሄፓታይተስ ቢ ግን የመጨረሻው ዶዝ ከ24 ሳምንት ዕድሜ በኋላ ካልሆነ አይያዝም። ስለዚህ አንድ ይደገማል። የዘጊ አነዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትኩም አራት ዓመት ከሞላው በኋላ አንድ ተጨማሪ ያስፈልገዋል። ጉድፍ (እነሱ ቺክንፖክስ የሚሉት) እኛ ጋ በመደበኛው ክትባት ውስጥ የለም፣ እዚያ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት ለሚገባ ልጅ ሄፓታይተስ ኤም ሁለት ዶዝ ትጠይቃለች። እንግዲህ ደሴ ላይ «ጨርሷል» የተባለ የአምስት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ላይ አራትና አምስት መርፌ ቢወጋ አትደንግጡ። አንድ ላይ ይሰጣል፤ ችግር የለውም።

«ታዲያ ካርዱ ምን ይሠራል? ልጣለው?» ያለችኝ እህት አለች። ኧረ በፍጹም! የፔንታው፣ የመርፌው ፖሊዮ፣ የ15 ወሩ ኩፍኝ የሚቆጠሩት በካርዱ ነው። ካርድ የሌለው ልጅ ከዜሮ ይጀምራል። «ተከትቧል እኮ፣ እኔ እናቱ እያወቅሁ» ማለት እዚያ አይሠራም፤ ቀን ያለበት ጽሑፍ ከሌለ አልተከተበም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። የልጄን ካርድ ያስተረጎምኩት አንድ ትርጉም ቤት ነው። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ፣ ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው የሚያምር። ተርጓሚው ቀኖቹን ምን እንዳደረጋቸው ግን አላየሁም። በዓመቱ ላይ ሁሉ ስምንት ደምሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ትቶታል። ልጁ የተወለደው ጥቅምት 5/2010 ነው፤ በፓስፖርቱ ኦክቶበር 15፣ 2017። ትርጉሙ ላይ ግን 05/02/2018 ሆኗል። አሜሪካዊ ወርን ስለሚያስቀድም ይህን ሜይ 2 ብሎ ያነበዋል። የመጀመሪያው ፔንታ ኅዳር 20/2010 ነው፣ ወረቀቱ ላይ 20/03/2018። ሃያኛ ወር የሚባል ነገር የለምና ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። የትምህርት ቤቷ ነርስ ወረቀቱን አንዴ አየችው፣ አንዴ እኔን አየችኝ፤ በጨዋ ቋንቋ «ይህን መጠቀም አልችልም» አለችና መለሰችልኝ። አንድ ቀን ስህተት ከሆነ ሌላውን በምን ትመነው? ፈረድኩባት፣ በኋላ ግን ገባኝ። ውጤቱ፦ ልጁ የነበረውንም ዶዝ አጥቶ ሁሉንም ከመጀመሪያ ወሰደ፤ ትምህርቱም ዘገየ።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ቀኑን ጨርሶ የማይነካ ተርጓሚ ነው። ፓስፖርቱ 2017 ተወለደ ይላል፣ ትርጉሙ 2010 ላይ ፔንታ ተከተበ ይላል። ሳይወለድ በሰባት ዓመት ቀድሞ የተከተበ ልጅ! ይህን የያዙ ቤተሰቦች አሁንም ይመጣሉ።

ስለዚህ ትርጉም ቤት ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ቀን ራሳችሁ አረጋግጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ወሩ በቁጥር አይጻፍ፣ በፊደል ይጻፍ፦ ሐምሌ 10/2010 ጁላይ 17፣ 2018 ይባል። ዋናውን ካርድ ከትርጉሙ ጋር አያይዙ። የልጁ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ፤ መሐመድ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ተርጓሚው «እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» ቢላችሁም አብሽሩ፣ አትፈሩት፣ አስተካክል በሉት። ገንዘባችሁን ነው የተቀበለው።

ካርዱ የጠፋባችሁ ደግሞ አላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙባቸው ሳምንታት የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የተፈናቀለ ሰው ልጁን እንጂ ካርድ አንጠልጥሎ አልወጣም። ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገቡ ከተረፈ ሄዳችሁ ቀኖቹን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፉ። ወረፋውን አውቀዋለሁ፤ «መዝገብ ያዧ ስብሰባ ላይ ናት» የሚለውንም አውቀዋለሁ። ታገሡና አጽፉ። ካልተገኘ ግን አልተገኘም። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ አዲስ ካርድ «የሚያሠራ ሰው አለ» የሚላችሁን አትስሙ። የአምስት ዓመት ካርድ ማጠፊያው የነተበ፣ ቅቤ የነካው፣ የቀጠሮው ቀን በእርሳስ ተጽፎ የተሰረዘ ነው፤ ነርሶቹ ሞኝ አይደሉም። የሐሰት ወረቀት ከያዘ ልጅ ምንም የሌለው ልጅ ይሻላል። ለኩፍኝ፣ ለጉድፍና ለመሳሰሉት የደም ምርመራ ማሠራት ይቻላል፤ መድገሙም ቢሆን ክንድ ከማሳበጥ ያለፈ ጉዳት ብዙ ጊዜ የለውም።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ የምትሄዱ አዲስ አበባ ኤምባሲው የመደበው ሐኪም ዘንድ ትመረመራላችሁ፣ እዚያም ልጆቹ ይከተባሉ። ከዚያ የሚሰጣችሁ የክትባት ቅጽ ከደሴው ካርድ ይበልጣል፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ለራሳችሁ የተሰጣችሁን ቅጂ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ በእጅ ቦርሳ፣ ከፓስፖርቱ ጋር። እዚያ የሚሰጠው ግን ከየዓይነቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዶዝ ነው፤ ለቪዛ ይበቃል፣ ለትምህርት ቤት አይበቃም።

ስለ ቲቢ ሁለት ነገር። ልጆቻችን ሲወለዱ የቲቢ ክትባቱን ቢሲጂን ስለሚወጉ ክንድ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ በሽታው ሳይኖር አብጦ «ቲቢ አለ» ሊያሰኝ ይችላል፤ ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ ቀጠሮ። በሰሜን ቨርጂኒያ ለመመዝገብ የቲቢ ወረቀት የሚጠይቁ ካውንቲዎች (እንደ እኛ ወረዳ ያሉ) ስላሉ «በደም ይመርመርልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ለቪዛው ሲመረመር በደም ተሠርቶለት ከሆነ ውጤቱን አሳዩ። ሁለተኛው፦ የቲቢው ምርመራ ከኤምኤምአር ወይም ከጉድፍ ክትባት ጋር በአንድ ቀን ካልተሠራና ክትባቱ ከቀደመ፣ ምርመራው ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት መጠበቅ አለበት። ይህን ክሊኒኩ ሊነግራችሁ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል።

እዚያ ስትደርሱ የት ትሄዳላችሁ? ኢንሹራንስ ከሌላችሁ የካውንቲው ጤና ቢሮ። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ላለም፣ ኢንሹራንስ ለሌለውም ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ክትባቱ በመንግሥት ፕሮግራም በነጻ ነው። ለመርፌ መውጊያ የምትጠየቁት ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ መክፈል አልችልም ካላችሁ ግን በዚያ ምክንያት ልጁን አይመልሱትም። ስለዚህ «ብር እስካገኝ» ብሎ ልጅን ቤት ማስቀመጥ ስንፍና ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሁሉም እስኪያልቅ ግን ልጁ ቤት አይቀመጥም። ቨርጂኒያ ከሚፈለገው ክትባት ሁሉ ቢያንስ አንድ አንድ ዶዝ ወስዶ የቀረው በዕቅድ የተያዘለትን ልጅ ለ90 ቀን ታስገባዋለች። ሜሪላንድ ቀጠሮ ይዛችሁ ካሳያችሁ፣ ቀጠሮውም በ20 ቀን ውስጥ ከሆነ፣ ታስገባዋለች። ቤት ተቸግራችሁ ዘመድ ጋ ተዳብላችሁ ከሆነ ደግሞ የፌዴራል ሕግ አለ፤ የክትባት ወረቀት ባይኖረውም ትምህርት ቤቱ ወዲያው ሊቀበለው ይገባል። ይህ «ቤት አልባ» በሚለው መደብ ውስጥ ስለሚገባ የእኛ ሰው ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ያፍራል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንድሜ ቤት ነኝ፣ ለማኝ አይደለሁም» ያለኝ የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። ለማኝ ነህ ያለህ የለም። ልጁ ግን በነገታው ክፍል ይገባ ነበር።

«የሃይማኖት ምክንያት ብለህ ፈርመህ ተገላገል» የሚላችሁም ይኖራል። ቨርጂኒያ ይፈቅዳል፣ ሕጋዊ ነው። ግን የትኛው መስጊድ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ክትባት የከለከላችሁ? እዚህ ልጁን አዝላችሁ ጤና ጣቢያ ስትሰለፉ አልነበር? ኩፍኝ ሲነሳ ያልተከተበው ልጅ ከትምህርት ቤት ይታገዳል፣ ብዙ ጊዜ ለ21 ቀን። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ደግሞ ኤምኤምአር ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ነው። ወሬው የተነሳው በ1998 ከታተመ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ሚኒሶታ ውስጥ ይኸው ወሬ የሶማሌ ወላጆችን ከኤምኤምአር አሽሽቷቸው በ2017 ኩፍኝ ሲገባ ከታመሙት አብዛኞቹ የእነሱ ልጆች ነበሩ። ቡና ላይ የሰማችሁትን ቡናው ላይ ተዉት።

ትልልቅ ልጆች ያሏችሁ፦ 7ኛ ክፍል ላይ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ማጠናከሪያ፣ የማጅራት ገትርም ይጠየቃል። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያውም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ እሱን ወላጅ አንብቦ እምቢ ማለት ይችላል። እኔ ግን አስወጉ እላለሁ፣ ለወንዱም ጭምር።

የመጨረሻው ስለ ቀጠሮ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ ቦታ የሚከፈተው ከኦገስት አጋማሽ እስከ መጨረሻ ባለው ጊዜ ስለሆነ ጤና ቢሮዎቹ ኦገስት ላይ ይጨናነቃሉ። ጁላይ ከገባችሁ የጉዞው ድካም እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፣ በገባችሁበት ሳምንት ደውሉ። ሁለተኛው ኤምኤምአር ከመጀመሪያው ቢያንስ 28 ቀን መራቅ አለበት። ጉድፉን ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሦስት ወር ያራርቁታል፤ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ ደግሞ 90 ቀን ነው። ሁለቱ አፍንጫና አፍ ስለሆኑ የሁለተኛውን ዶዝ ቀጠሮ የመጀመሪያው መርፌ በተወጋበት ቀን፣ ከክሊኒኩ ሳትወጡ፣ እዚያው ሪሴፕሽኗ ፊት ቆማችሁ አስይዙ።